እህትማማቾች ለመመካከር ፈቃድ ሲጠይቁ

ሜልበርን ውስጥ በአንድ የካቶሊክ ሆስፒታል የሂሳብ ክፍል ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከመድን ድርጅቶች ጋር ሂሳብ ማስታረቅ ነበር፤ በሽተኛው ስንት ሌሊት ተኛ፣ ምን ተሠራለት፣ ውሉ ስንት ይላል፣ ስንት ገባ። ከእኛ በመኪና ግማሽ ሰዓት የማይርቅ ሌላ የካቶሊክ ሆስፒታል አለ። በሩ ላይ ያው መስቀል፣ ኮሪደሩ ላይ ያችው እመቤታችን፣ ያቋቋመው ማኅበር ስም ብቻ ነው የሚለየው። እዚያ እንደኔው ሂሳብ ላይ የምትሠራ አንዲት የሶዶ ልጅ አለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፉትስክሬይ ተገናኝተን ቡና እንጠጣለን። ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ አለቆቻችን ጠባይ የማናነሳው የለም። ጉልበት ለመቀየር ትልቁ መድን ድርጅት ለእነሱ ስንት፣ ለእኛ ስንት እንደሚከፍል ግን አንዳችን ለአንዳችን ተናግረን አናውቅም።

ይህን ያስለመደን በየዓመቱ ኮምፒውተር ላይ የሚሰጠን ስልጠና ነው። «የሌላ ሆስፒታል ሠራተኛ በሻይ ሰዓት ስለ ዋጋ ቢያነሳብዎ ምን ያደርጋሉ?» ይላል ጥያቄው። ትክክለኛው መልስ «ጨዋታውን አቋርጬ ለሕግ ክፍል አሳውቃለሁ» የሚለው ነው። መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር። ከ2009 ወዲህ በአውስትራሊያ ሕግ ተፎካካሪ ድርጅቶች ተመካክረው ዋጋ ቢቆርጡ፣ ይህን ያደረገው ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በአንድ ጳጳስ የተባረኩ ሁለት ሆስፒታሎች እንደ ሁለት ነዳጅ ማደያ ተፎካካሪ የሆኑት መቼ ነው? እያልኩ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው።

እኔ ያደግሁት ጉራጌ ውስጥ፣ አጣጥ አካባቢ ነው። እዚያ ያለው የካቶሊክ ሲስተሮች ሆስፒታል ለእኛ ካርድ የሚወጣበት፣ ተራ የሚጠበቅበት፣ ከተረፈ ተርፎ ወደ ቤት የሚኬድበት ቦታ ነበር። በመካከል የሚገባ መድን ድርጅት አልነበረም። ስለዚህ አውስትራሊያ መጥቼ የካቶሊክ ሆስፒታል ውስጥ ስቀጠር የጠበቅሁት ሌላ፣ ያገኘሁት ሌላ ሆነ።

አውስትራሊያ ውስጥም ቢሆን አጀማመሩ እንደዛሬው አልነበረም። በ1838 የመጨረሻ ቀን አምስት የአየርላንድ ሴቶች ሲድኒ ወደብ ላይ ከመርከብ ወረዱ። የበጎ አድራጎት እህቶች ይባላሉ፤ ማኅበሩን ደብሊን ላይ በ1815 የመሠረተችው ሜሪ አይከንሄድ ናት። በዚያ አህጉር እግራቸውን ካሳረፉ መነኮሳይት ሁሉ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። የተላኩት ለጌታና ለእመቤት አልነበረም። ፓራማታ ላይ፣ በግዞት የመጡ ሴቶች ታጉረው በሚሠሩበት ግቢ ነው ሥራ የጀመሩት። ከአምስቱ አንዷ ባፕቲስት ደ ሌሲ የነርስነት ትምህርት ነበራት። በ1857 በዚያው በሲድኒ፣ ዉሉሙሉ አካባቢ፣ ታርሞንስ በሚባል ትልቅ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሴንት ቪንሰንት ሆስፒታልን ከፈተች። ድሃ በነጻ ይታከማል፣ ሃይማኖቱን የሚጠይቀው የለም ተባለ።

ሁለት ዓመት ሳይቆይ ጣጣ መጣ። አንድ ካህን የፕሮቴስታንቶቹን መጽሐፍ ቅዱስና የጸሎት መጻሕፍት ከሆስፒታሉ አስወጣ። ሆስፒታሉ እንዲቋቋም ካዋጡት መካከል ፕሮቴስታንቶችም ስለነበሩ ከተማው በወሬ ታመሰ፤ ጋዜጣውም ተቀባበለው። ደ ሌሲ የታካሚ መጽሐፍ መነካቱን አልደገፈችም። ከካህናቱ ጋር የነበራት ነገር ሲከር በ1859 ወደ አየርላንድ ተመለሰች። ይህችን ሴትዮ እወዳታለሁ። ሆስፒታሉን ያቆመው የሌላው ሰው ገንዘብና እምነት መሆኑን ከሁሉ ቀድማ የገባት ይመስለኛል፤ ከ130 ዓመት በኋላ የመጡት ሥራ አስኪያጆች ያንን ለመረዳት አማካሪ ድርጅት መቅጠር ነበረባቸው።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ማኅበራት ተከታትለው መጡ። በ1885 ካርዲናል ሞራን ከአውሮፓ ሲመለሱ ስድስት የማርያም ታናሽ ማኅበር እህቶች አብረዋቸው መጡ፤ በሻሻቸው ቀለም ሰዉ «ሰማያዊዎቹ እህቶች» ይላቸው ነበር። ዛሬ ካልቫሪ በሚለው ስም የሚታወቁት ሆስፒታሎች የእነሱ ዘር ናቸው። በ1895 የፐርዙ ጳጳስ ማቲው ጊብኒ ከዌክስፎርድ የቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር እህቶችን አስጠሩ። ጊዜው ምዕራብ አውስትራሊያ ወርቅ ተገኘ ተብሎ ሰው የጎረፈበት ነው። ውሃ የለም፤ ታይፎይድ ወጣቱን እንደ ቅጠል ያረግፈዋል። እህቶቹ እስከ ኩልጋርዲና ካልጉርሊ ድረስ ዘልቀው በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት አስታመሙ። የምሕረት እህቶች ደግሞ በ1906 ብሪዝበን ላይ ማተር ሆስፒታልን ከፈቱ።

እዚህ ላይ የሂሳብ ሠራተኛ ዓይኔ አንድ ነገር ያያል። በቤተ ክርስቲያን ሕግ አንድ ማኅበር በአንድ ሀገረ ስብከት ቤት የሚከፍተው ጳጳሱ ሲፈቅድ ነው። ጳጳሱ የምሕረት እህቶችን እዚህ፣ የዮሐንስ ዘእግዚአብሔር እህቶችን እዚያ አስቀመጠ፤ አንዷ በሌላዋ ሰፈር አትገባም። ይህን በዛሬው የውድድር ሕግ መነጽር ያየ መርማሪ «ገበያ ተከፋፍለዋል» ብሎ ፋይል ይከፍት ነበር። ያኔ ግን ገበያ የሚባል ነገር መኖሩ ለማንም አልታየም። አልጋው ከሕመምተኛው ያነሰበት አገር ነው፤ ማን ከማን ይሻማል?

የሚገርመው፣ ማተር በተከፈተበት በዚያው በ1906 የአውስትራሊያ ፓርላማ የመጀመሪያውን የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ አወጣ። የታሰበው ለትልልቅ ኩባንያዎች ነበር። ፍርድ ቤት በ1909 ዋና ዋና አንቀጾቹን ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄዱም ብሎ ሰበራቸውና ሕጉ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል እንቅልፉን ተኛ። ጥርስ ያለው ሕግ የመጣው በ1974 ነው፤ የዊትላም መንግሥት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ላየነል መርፊ ያረቀቀው የንግድ አሠራር ሕግ። እሱም ቢሆን በፌዴራል ሥልጣን ምክንያት በዋናነት የሚይዘው ኩባንያዎችን ነበር። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መነኩሲት ከሕጉ ጋር ብዙም አይገናኙም፤ ኮሌታ ያለው ሁሉ ሙያ እንጂ ንግድ ላይ አይደለም ተብሎ ይታለፋል።

ገንዘቡም በሌላ መንገድ ነበር የሚሄደው። የግል መድን ያለው ሰው ሲታከም መድኑ ለአንድ አልጋ ለአንድ ቀን የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል። ሆስፒታሉ የራሱን ዋጋ ያወጣል፤ ልዩነቱን በሽተኛው ከኪሱ ይሞላል። ሆስፒታልና መድን ድርጅት ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚዋዋሉበት ጠረጴዛ አልነበረም። አገሪቱ በ1984 ሜዲኬርን ስታቋቁም የመንግሥት ሆስፒታል ለሁሉም በነጻ ሆነ። ጤነኛውና ወጣቱ «ታዲያ ለምን የግል መድን እከፍላለሁ?» እያለ ከመድኑ ወጣ። የቀረው በሽተኛውና ሽማግሌው ነው። የመድን መዋጮ ጨመረ፣ ሌላው ወጣ፣ መዋጮው እንደገና ጨመረ።

ያኔ ነው 1995 የመጣው። የጤና ሚኒስትሯ ካርመን ሎረንስ የመድን ሕጉን አሻሽለው መድን ድርጅቶች ከሆስፒታሎች ጋር በቀጥታ እንዲዋዋሉ መንገዱን ከፈቱ። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ውል ካለ በሽተኛው ሲወጣ ያልጠበቀው ሂሳብ አይመጣበትም። በዚያው ዓመት ደግሞ ከ1993ቱ የሂልመር ሪፖርት የተነሳ የውድድር ሕጉ ከኩባንያ አልፎ ሙያተኛውን፣ ማኅበሩን፣ ማንኛውንም ሥራ የሚሠራ ሰው እንዲይዝ ክልሎች ሁሉ ተስማሙ። በኖቬምበር 1995 የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ሥራ ጀመረ።

ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ያሰበባቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። አንደኛው ሆስፒታሉን «ከዛሬ ጀምሮ ዋጋህን ተደራደር» አለው፤ ሁለተኛው «ከወንድምህ ጋር ሆነህ ግን አትደራደርም» አለው። መቶ ዓመት ሙሉ በዋጋ ተነጋግረው የማያውቁ ቤቶች ናቸው። ዋጋ የሚባለው ነገር ሕይወታቸው በሆነበት ቀን ስለ እሱ መነጋገር ተከለከሉ።

መነኮሳይቱም በዚያ ጊዜ እያለቁ ነበር። አዲስ የሚገባ የለም፤ ያሉት አርጅተዋል። ማኅበራቱ ሆስፒታሎቻቸውን ወደ ኩባንያ ለወጡ፤ በቦርዱ ላይ ባንከኛና ጠበቃ ተቀመጠ። የበጎ አድራጎት እህቶችም በ2009 ሆስፒታሎቻቸውን በቫቲካን ለተፈቀደ፣ ምእመናን ለሚመሩት ለሜሪ አይከንሄድ አገልግሎት አስረከቡ። በእምነት ሁሉም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በመንግሥት መዝገብ ግን እያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር ያለው ኩባንያ ነው፤ ኩባንያና ኩባንያ ደግሞ ተፎካካሪ ነው። እመቤታችን በሁለቱም በር ላይ መኖሯ በሕጉ ፊት ምንም አይለውጥም።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው፤ እኔ ግን በሰው ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ የእኛ ሆስፒታል ከአንድ መድን ድርጅት ጋር ያለው ውል ሊያልቅ ሳምንታት ቀርተውት ድርድሩ ተበላሸ። አንዲት እናት ዳሌያቸው ሊቀየር ቀጠሮ ይዘው መጡ። አማርኛ ተናጋሪ ስለሆኑ ከላይ ከሂሳብ ክፍል ጠርተው አወረዱኝ። የመግቢያ ጸሐፊዋ ከፊታቸው አንድ ቅጽ አስቀምጣለች፤ ከኪሳቸው ሊወጣ የሚችለውን ገንዘብ አውቀው የሚፈርሙበት ነው።

«ልጄ፣ ምንድነው የሚለው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ኢንሹራንስዎና እኛ አልተስማማንም። ቀኑ ካለፈ እነሱ ሙሉውን አይከፍሉም፤ የተረፈውን እርስዎ ነዎት የሚከፍሉት።»

ጊዜ ወስደው አሰቡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና «እኔ በየወሩ ሳላጓድል ከፍያለሁ። እናንተ ተጣላችሁ ብላችሁ ነው ከእኔ የምትወስዱት?» አሉ።

ከዚህ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ለእሳቸው የመሥሪያ ቤት ወሬ ነበር። ውል በሌለበት መድን ድርጅት የሚከፍለው ሕጉ ያስቀመጠውን አነስተኛ ገንዘብ ነው። የተሻለ ደረጃ ያሟላ ሆስፒታል ደግሞ፣ በዚያው ክልል የእሱ ዓይነት ሆስፒታሎች በውል ከሚያገኙት አማካይ 85 ከመቶውን ያገኛል። የቀረው 15 ከመቶ በጉልበትና በዳሌ ሂሳብ ሲሰላ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ቀጠሮ ቀድመው የያዙት በአሮጌው ውል ይስተናገዳሉ፤ እሳቸው ግን የያዙት ከማስታወቂያው በኋላ ነበር። ልጃቸው መጥቶ ፈረመ።

በዚያ ድርድር ላይ በጠረጴዛው ማዶ የነበረው ወገን የአገሩን የመድን ገበያ ሲሶ የሚጠጋ የያዘ ነበር። በአውስትራሊያ ሜዲባንክና ቡፓ ብቻ ገበያውን ግማሽ ያህል ይዘዋል። ትንንሾቹ መድን ድርጅቶችም በጋራ የሚደራደርላቸው አካል አላቸው። በዚህ በኩል የተቀመጠው የእኛ ፋይናንስ ኃላፊና አንድ ጠበቃ ነበሩ። የዚያ የሌላው የካቶሊክ ሆስፒታል ኃላፊ በዚያው ሳምንት ከዚያው ድርጅት ጋር ስለዚያው ነገር ይከራከር እንደነበር ኋላ ሰማን። ስልክ ተደዋውለው ዋጋ ቢቆርጡ ወንጀል ነበር።

ሕጉ ለዚህ አንድ በር አለው። ተፎካካሪዎች አብረው ለመደራደር ቢፈልጉ ቀድመው ኮሚሽኑን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ጥያቄው በሕዝብ መዝገብ ላይ ይወጣል፤ መድን ድርጅቱም፣ የታካሚዎች ማኅበርም፣ ማንም ሰው አስተያየቱን ይጽፋል። ኮሚሽኑ ረቂቅ ውሳኔ ያወጣል፣ ቅሬታ ይሰማል፣ በ6 ወር ውስጥ ይወስናል። መመዘኛው አንድ ነው፦ ለሕዝብ የሚያመጣው ጥቅም ከሚያመጣው ጉዳት ይበልጣል ወይ? ከተፈቀደ ፈቃዱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ሲያልቅ እንደገና ይጠየቃል። የካቶሊክ ሆስፒታሎችም በጋራ ለመደራደር የገቡት በዚህ በር ነው።

ያ መመዘኛ ከየት መጣ ብዬ ስቆፍር ያገኘሁት ነገር አስቆኛል። «የሕዝብ ጥቅም» ምን ማለት እንደሆነ ጠበቆች እስከዛሬ የሚጠቅሱት ውሳኔ የተሰጠው በ1976 ነው፤ ጉዳዩም የኩዊንስላንድ የዱቄት ፋብሪካዎች እንዋሃድ ያሉት ነበር። የውድድር ችሎቱ ያኔ ጥቅም የሚለውን ሰፋ አድርጎ ተረጎመው፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለማኅበረሰቡ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ ይቆጠራል አለ። ስለዚህ የእህቶቹ ሆስፒታል ፋይል ሲመዘን ሚዛኑ ከወፍጮ ቤት የመጣ ነው። ሚዛኑ ስለ ቅድስና አይጠይቅም። «እኛ ለድሃ የተቋቋምን ነን» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ ብዙ አይረዳም። የሚረዳው ሌላ ነው፦ አንድ ውል ለመዋዋል ስንት ጠበቃ፣ ስንት ወር ይፈጃል? በጋራ ሲሆን ምን ይቀንሳል? የገጠሩ ሆስፒታል ብቻውን ሆኖ የማያስገባው ምን አንቀጽ ያስገባል?

ኮሚሽኑ ብዙውን ጊዜ የሚያረጋጋው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ማንም ሳይገደድ ሲገባና ሲወጣ፤ መድን ድርጅቱም «ከቡድኑ ጋር አልቀመጥም፣ አንድ በአንድ ኑ» ማለት ሲችል ነው። ሁለተኛው፣ ቡድኑ «ካልከፈልክ ሁላችንም በአንድ ቀን በራችንን እንዘጋብሃለን» የማለት መብት ሳይሰጠው ሲቀር ነው። አድማ ከሌለበት የጋራ ድርድር ምን ጉልበት አለው? ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ እኔም ጠይቄአለሁ። መልሱ ግን የዳሌ ቀጠሮ የያዙት እማማ ናቸው። በአንድ ክልል ያሉ የካቶሊክ ሆስፒታሎች ሁሉ በአንድ ቀን ውል ቢያቋርጡ ቅጹ የሚዘረጋው በእሳቸው ፊት ነው።

ፈቃድ ሳይጠይቁ የገቡም ነበሩ። ከፐርዝ ሰሜን ጁንደላፕ ላይ ያለውን ሆስፒታል ሜይን ኒክለስ የሚባል ኩባንያ ሲያስተዳድር፣ የምዕራብ አውስትራሊያ የሐኪሞች ማኅበር ስለ ሐኪሞቹ ክፍያ በጋራ ተደራደረ። የሐኪሞች ማኅበር ለሐኪም ቢደራደር ምን አለበት? ያሉ ብዙ ነበሩ። ኮሚሽኑ ከሰሰ፤ በ2001 የፌዴራል ፍርድ ቤት ማኅበሩን በገንዘብ ቀጣ። ከዚያ ወዲህ በጤናው ዘርፍ ያለ ጠበቃ ሁሉ «መጀመሪያ ማመልከቻ» ይላል። ማመልከቻውን ለማቅለል ሕጉ ኋላ ላይ ሌላ መንገድ አበጅቷል። ከ2021 ጀምሮ የዓመት ሽያጩ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ ድርጅት አንድ ገጽ ቅጽ ሞልቶ በጋራ መደራደር ይችላል። ለገበሬና ለዳቦ ቤት ጥሩ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ያለው ሆስፒታል ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በታች ሆኖ አያድርም።

ሚዛኑን የሚያዛባው ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ስል ሂሳብ ክፍል ውስጥ የተማርኩትን ንዴት አልደብቅም። በ1964 ፖል ራምዚ ሲድኒ ላይ የጀመረው የግል ሆስፒታል ኩባንያ ዛሬ በአውስትራሊያ ብቻ ከ70 በላይ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አሉት። ከመድን ድርጅት ጋር ሲቀመጥ ሁሉንም ይዞ ነው የሚቀመጠው። ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ በአንድ ባለቤት ሥር ያሉ ኩባንያዎች ቢመካከሩ ሕጉ እንደ አንድ ሰው ነው የሚያያቸው። ሕጉ የሚያውቀው ባለቤትነትን ነው። በፍቅር፣ በእምነት፣ በአንድ ሰንበቴ የተሳሰሩትን አያውቅም። ለባለ አክሲዮን ትርፍ የሚሠራው 70 ሆስፒታል ይዞ ያለ ማመልከቻ ይደራደራል። ባለ አክሲዮን የሌላቸው አሥር ቤቶች ግን ሕዝብ በሚያየው መዝገብ ላይ ፋይል ከፍተው ወራት ይጠብቃሉ።

ያም ሆኖ መጠየቃቸው ልክ ነው እላለሁ። ሆስፒታሎቹ ሲመሠረቱ የነበረው ሰው ሁሉ በእህቶቹ ላይ እምነት ነበረው እንበል፤ ዛሬ የሚደራደረው ግን የቦርድ ሰብሳቢ ነው፤ ደመወዙም የገዳም አይደለም። መስቀል በሩ ላይ ስላለ ብቻ ዋጋ መመካከር ይፈቀድልን ማለት የፕሮቴስታንቶቹን መጻሕፍት ያስወጣውን ካህን ሥራ መድገም ነው፤ ገንዘቡን ያዋጣውን ሌላውን ሰው መርሳት። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት መሆኑም መልካም ነው። እኔ ራሴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ የሌሎችን ማመልከቻ አነበዋለሁ፤ ዋጋው ሁሉ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል፣ ክርክሩ ግን ይነበባል።

ትልልቆቹ የካቶሊክ ቡድኖች ደግሞ ብቻቸውን መዋጋት ጀምረዋል። በ2014 መንግሥት ሜዲባንክን በአክሲዮን ገበያ ሸጠው። በዓመቱ፣ በ2015፣ አዲሱ ባለ አክሲዮን ኩባንያ ከካልቫሪ ጋር ውል ሲያድስ 165 ጉዳቶችን የያዘ ዝርዝር አቀረበ። በሽተኛ ከአልጋ ቢወድቅ፣ ተኝቶ ቢቆስል፣ «መከላከል ይቻል ነበር» የተባለ ችግር ቢደርስበት ለዚያ አልከፍልም አለ። ካልቫሪ ዝርዝሩ በሕክምና ማስረጃ የቆመ አይደለም፣ የታመመ ሰው ላይ የሚደርሰው ሁሉ የሆስፒታል ጥፋት አይደለም አለ። ሁለቱም ጋዜጣ ላይ ወጡ፤ በሽተኛው ውሉ በሚያልቅበት ኦገስት 31 ምን ይሆናል እያለ ደብዳቤ ያገላብጥ ነበር። ቀኑ ሊደርስ ሲል ታረቁ።

ያንን ክርክር ያነሳሁት በምክንያት ነው። ካልቫሪ ጠበቃና የሕዝብ ግንኙነት ሰው መቅጠር የሚችል ቡድን ነው። ያ ዝርዝር መቶ አልጋ ላላት የገጠር ከተማ ሆስፒታል ቢላክ ማን መልስ ይጽፋል? የነርሶች ኃላፊዋ? የጋራ ድርድር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው የሚታየኝ። ዋጋውን ምናልባት በጥቂት ከመቶ ቢያሻሽል ነው፤ ዋናው ቁም ነገር አንቀጹን አንብቦ «ይህ አይሆንም» የሚል አንድ የሕክምና ሰው ለአሥር ሆስፒታል መቅጠር መቻሉ ነው።

መድን ድርጅቶቹም በዚሁ በፈቃዱ በር መጥተዋል። ኤን አይ ቢ የሚባለው መድን ድርጅት ከአሜሪካው ሲግና ጋር ያቋቋመው ሃኒሰክል ሄልዝ መድን ድርጅቶችን ሰብስቦ ከሆስፒታልና ከሐኪም ጋር እንዲዋዋል ኮሚሽኑን ጠየቀ። ለ10 ዓመት ፈልጎ ነበር፤ በ2021 የተፈቀደለት ለ5 ነው፤ ግዙፎቹ መድን ድርጅቶችም እንዳይገቡበት ተወሰነ። ሐኪሞች ይግባኝ አሉ። ስለዚህ በጠረጴዛው በሁለቱም ወገን ቡድን፣ በሁለቱም ወገን ፈቃድ ታየ።

ትንንሾቹ የካቶሊክ ሆስፒታሎች ፈቃዱን ማደስ ሲሰለቻቸው አንድ ሌላ መንገድ እንዳለ ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹም ሄደውበታል። ሆስፒታሉን ለትልቁ የካቶሊክ ቡድን ማስረከብ ነው። ቦርዱ ይፈርሳል፣ የከተማው ሰው ያዋጣበት ሕንፃ በሌላ ከተማ ባለ ዋና መሥሪያ ቤት ሥር ይገባል። ርክክቡ በተጠናቀቀ ማግስት ሁለቱ የሂሳብ ኃላፊዎች ስልክ አንስተው ስለ ጉልበት ቅያሪ ዋጋ እስኪበቃቸው ቢያወሩ የሚጠይቃቸው የለም።